ከሪአክተሩ በፊት ቆጣሪው!

አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጣጣ አለ፦ ቆጣሪ። ቤቱ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ቆጣሪ ስለሌለ ከጎረቤት ገመድ ተስቦ ይኖራል። ወር ሲሞላ ጎረቤት «የቆጠረብህ ይህን ያህል ነው» ይላል፤ ከፋዩም ዝም ብሎ ይከፍላል። ምን ብሎ ይከራከራል? የቆጠረው የሌላ ሰው ቆጣሪ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ኒውክሌር ዘመን የምትገባው በዚህ ዓይነት ገመድ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልስማማም። የዛሬው ጽሑፌ ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ማስረጃ ነው።

ከፊርማዎቹ እንነሳ (ዘመኑ በፈረንጅ ነው፤ የአዋጆቹ ቁጥር ብቻ በእኛ ነው)። ኢትዮጵያ ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አዲስ አይደለችም፤ ኤጀንሲው ከተመሠረተበት ከ1957 ጀምሮ አባል ናት። ከሩሲያ ጋር ኒውክሌርን ለሰላማዊ ጥቅም ለማዋል የመንግሥታት ስምምነት የተፈረመው በ2019 ሶቺ ላይ ነው። በ2023 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ፍኖተ ካርታ ተፈረመ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ሞስኮ ላይ ለኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። በ2019 ከሮሳቶም ጋር የተፈረመው ዕቅድ ውስጥ ከማመንጫው ጎን ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ፦ የኒውክሌር ሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል። እንዲህ ያለ ማዕከል በሮሳቶም አሠራር ልቡ የምርምር ሪአክተር ነው።

ቸኩላችሁ «ፀረ ልማት» እንዳትሉኝ። የምርምር ሪአክተር ጥሩ ነገር ነው። ለካንሰር ምርመራና ሕክምና የሚሆኑ አይሶቶፖች ይሠራል፣ የፊዚክስ ተማሪን ከጥቁር ሰሌዳ ያላቅቃል። ለረጅም ዓመታት አገሪቱ በሙሉ የነበራት የጨረራ ሕክምና ጥቁር አንበሳ ውስጥ ብቻ እንደነበር እያወቅኩ «አይሶቶፕ ምን ይሠራልናል» የምል ሰው አይደለሁም። አፍሪካም ብትሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ኪንሻሳ በ1959 የአህጉሩን የመጀመሪያ ሪአክተር አስነሳች፤ ግብፅ በ1961 ተከተለች፤ የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ-1 ከ1965 ጀምሮ ይሠራል፤ ጋናና ናይጄሪያም ትንንሽ ሪአክተር አላቸው። ቅናቱ ይገባኛል። እኔም ይቀናኛል።

እኔን ያላስተኛኝ ሌላ ጥያቄ ነው። አደጋ ቢደርስ፣ ሰው ምን ያህል ጨረራ እንደተቀበለ የሚያሰላው ማነው? የእኛ ሰው ወይስ ሪአክተሩን የሸጠልን?

ጋዜጠኝነት ተምረሽ ፊዚክስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅ? እስካሁን የሙያ ባልደረቦቼ ያደረጉትን አይተናል፦ ፊርማ ሲፈረም መጨባበጡን ፎቶ አንስቶ የተሰጠውን መግለጫ እንዳለ መለጠፍ። ማዶ ደግሞ የፌስቡክ ሟርተኛው አለ፤ «ቼርኖቤል መጣላችሁ!» ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ይጮኻል፣ ቁጥር የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለዚህ ትንሽ ፊዚክስ ታገሡኝ። ጨረራ ሁሉ አንድ አይደለም። ራጅ የተነሳ ሰው እንደሚያውቀው የራጅን ጨረር እርሳስ ያቆመዋል። ኒውትሮን ግን ቻርጅ ስለሌለው ብረቱንም እርሳሱንም እንደ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። እሱን የሚያደክመው ቀላሉ ነገር ነው፦ ውሃ፣ ፕላስቲክ፣ ሰም። ብይ የተጫወተ ምክንያቱ ይገባዋል። ብይ ትልቅ ድንጋይ ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል፤ እኩያውን ብይ ሲመታ ግን ጉልበቱን አስረክቦ ይቆማል። የኒውትሮን እኩያ የሃይድሮጂን አስኳል ነው፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በውሃ ውስጥ ሞልቷል። የሰው አካልስ? አብዛኛው ውሃ ነው። እርሳስ ያላቆመውን ኒውትሮን እኛ በሥጋችን እናቆመዋለን ማለት ነው።

አስገራሚው ነገር ኒውትሮን ምስክር ትቶ መሄዱ ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ያው የጨዉ ሶዲየም፣ በኒውትሮን ሲመታ ራሱ ጨረራ አመንጪ ይሆናል። ፀጉራችን ውስጥ ያለው ድኝ በፈጣን ኒውትሮን ሲመታ ወደ ፎስፈረስ ይለወጣል፤ ከግንባርና ከማጅራት የተቆረጠ ፀጉር ሲነጻጸር ሰውየው በዚያች ቅጽበት ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደነበር ይናገራል። የወርቅ ቀለበት፣ የብር ሐብል፣ የኪስ ሳንቲም ሁሉ ይመሰክራሉ።

ምስክር ግን ተርጓሚ ይፈልጋል። የደሙ ሶዲየም በአብዛኛው የሚይዘው ፍጥነቱ የቀነሰውን ኒውትሮን ነው፤ ሥጋን በብዛት የሚጎዳው ፈጣኑ ነው። ስለዚህ ያው አንድ የሶዲየም ቁጥር እንደ ሪአክተሩ ዓይነት፣ እንደ ግድግዳው ውፍረትና እንደ ሰውየው አቋቋም የተለያየ ትርጉም ይኖረዋል። ተርጓሚው የኮምፒዩተር ሞዴል ነው። ሪአክተሩ፣ ውሃው፣ ኮንክሪቱ፣ የቆመው ሰው ሁሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራሉ። ከዚያ አንድ ኒውትሮን ይለቀቃል። ወዴት ይሂድ? ዕጣ ይወጣለታል። ውሃውን ይምታ ወይስ ይለፍ? ዕጣ። እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ በሉት፤ ልዩነቱ ይኼኛው በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ መውጣቱና ለማንም አለማድላቱ ነው። ዘዴው በቁማር ቤቷ ከተማ ስም ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ሚሊዮኑ ዕጣ ወጥቶ ሲያልቅ፣ በር ላይ የቆመው ሠራተኛና ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ተማሪ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደተቀበሉ ይታወቃል።

ይህ የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአጭር ጊዜ ከ1 ግሬይ በታች የተቀበለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ይድናል። 4 ግሬይ አካባቢ ከተቀበሉና ሕክምና ካላገኙ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ሁለቱም የመጀመሪያው ቀን ላይ ያስታውኩ ይሆናል፣ በሁለተኛው ቀን ደኅና ሊመስሉ ይችላሉ። ማን ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ማን አልጋ ይያዝ፣ ማን በአውሮፕላን ይላክ? ሐኪሙ የሚወስነው በቁጥሩ ነው።

«ኧረ ትንሽ ሪአክተር ነው፣ ምን ያስፈራሻል» የሚለውን መልስ እሰማዋለሁ። እሺ፣ ትንሹን እንይ። ኦክቶበር 15 ቀን 1958፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቪንቻ በሚባል የምርምር ተቋም፣ ከትንሽም ትንሽ የሆነ፣ «ዜሮ ኃይል» ተብሎ የሚመደብ የሙከራ ሪአክተር ከቁጥጥር ወጣ። ስድስት ሰዎች በኒውትሮንና በጋማ ተመቱ። ፓሪስ ተወስደው አምስቱ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው፤ አንዱ ሞተ። ስንት ጨረራ እንደተቀበሉ ግን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ስለዚህ በ1960 ያንኑ ሪአክተር እንደገና አስነስተው፣ ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ ሶዲየም የተሟሟበት ፈሳሽ የሞላባቸው ሰው መሰል ቅርጾች አቁመው፣ በዓለም አቀፉ ኤጀንሲ አማካይነት ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎች ጭምር ባሉበት ለኩት። ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቶ! ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሏል ይሄ ነው። ለሳይንስ ጠቀመ፣ ለሟቹ ግን ምኑም አልነበረም።

ሁለተኛ ምሳሌ። ሴፕቴምበር 1983፣ ቦነስ አይረስ። አርኤ-2 የሚባል፣ እሱም ኃይሉ ከምንም የማይቆጠር የምርምር ሪአክተር። ልምድ ያለው ኦፕሬተር ውሃውን ሙሉ በሙሉ ሳያፈስ የነዳጁን አቀማመጥ መለወጥ ጀመረ። ብልጭ አለ፣ አለቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። ሰው የሚገድለው የሪአክተሩ ስም ዝርዝር ላይ የተጻፈው ኃይል አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት የተለቀቀው ኒውትሮን ነው።

ሦስተኛው ጃፓን ነው፤ በቴክኖሎጂ የምትታማ አገር አይደለችም። በ1999 ቶካይሙራ ውስጥ፣ ሪአክተር እንኳ ያልሆነ የነዳጅ ማዘጋጃ ድርጅት ውስጥ፣ ሠራተኞች ከሚገባው በላይ ዩራኒየም አንድ ጋን ውስጥ ጨመሩ። ሂደቱ ወደ 20 ሰዓት ገደማ ሳይቆም ቀጠለ። አደጋው ጠዋት ደርሶ ኒውትሮኑ የተለካው ወደ ማታ ነበር። በአቅራቢያው ያሉ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ የወሰነው የመንደሩ ከንቲባ ነው፣ የቶኪዮን ትእዛዝ ሳይጠብቅ። ከሦስቱ ሠራተኞች ሁለቱ ሞቱ። በኋላ ሳይንቲስቶች በየቤቱ እየዞሩ የብረት ማንኪያና የወርቅ ጌጥ ለመኑ፤ ኒውትሮኑ እስከየት እንደደረሰ የተናገረው የሰው ማንኪያ ነው። መለኪያ ያልተተከለበት አገር ማንኪያውን ይጠይቃል!

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የምትረግጡት የስምጥ ሸለቆውን ጫፍ ነው። በ1961፣ ከሸዋ ሮቢት አጣዬን አልፎ ካራቆሬ አካባቢ፣ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች። የጁኑ ዋናው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ተጎዳች፣ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ። ይህን ሁሉ ዛሬ በቁጥር የምናውቀው ለምን ይመስላችኋል? ቀደም ብሎ አንድ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ አባ ፒየር ጉዋን፣ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ውስጥ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ ተክለው ስለነበር ነው። መሣሪያው አገር ውስጥ ነበር፣ አንባቢውም አገር ውስጥ ነበር። በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡት። ቆጣሪው ከአደጋው ቀድሞ ነበር ማለት ይህ ነው። በ1961 የቻልነውን ዛሬ እንዴት አንችልም እንላለን?

ያ ምድር ደግሞ አልተኛም። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ፣ ከይፋት ቆላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ በፌብሩዋሪ 2025 መጠኑ 6 ደረሰ፣ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ ቀመሰው። ሪአክተሩ የትም ይተከል፣ የቦታ መረጣው ጥናት እነማጀቴን ሳይጠቅስ የተጻፈ ከሆነ ወረቀቱ ሽንኩርት መጠቅለያ ከመሆን አያልፍም።

ስለ ሰዓቱም እናስላ። ያ የደም ሶዲየም በየ15 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለት ቀን ተኩል ሲያልፍ የሚቀረው ከ16 አንድ እጅ ነው። ምስክሩ እየሞተ ነው ማለት ነው። የክሮሞሶም ምርመራም አለ፤ የደሙ ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ ለ48 ሰዓት ከተራቡ በኋላ የተሰበሩት ይቆጠራሉ፤ ግን ሠልጥኖ የተቀመጠ ሰው ይፈልጋል። እንበልና ሪአክተሩ ሸዋ ሮቢትን በመሰለች ከተማ አጠገብ ነው። ሐኪሙ ደም ቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ሊልክ ነው። መንገዱስ? ይፋት የሆነችውን አይተናል። በ2021 አጣዬ ስትቃጠል፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ፣ ያ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ደሙ ሳይደርስ 15 ሰዓት፣ 30 ሰዓት፣ 60 ሰዓት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሞስኮም ቢላክ ምን ሊነበብ? ስለዚህ ቆጣሪው አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ሪአክተሩ ባለበት ከተማ ሆስፒታል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሞዴሉም ቀድሞ ተሠርቶ፣ የሚጎድለው የዕለቱ ቁጥር ብቻ ሆኖ መጠበቅ አለበት።

ቁጥር ማጣት የሚገድለው በጨረራ ብቻ አይደለም። በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ውስጥ ከተተወ የሕክምና መሣሪያ የወጣ ሲዚየም አራት ሰው ገደለ። የተበከሉት 249 ሰዎች ሲሆኑ ለምርመራ የተሰለፈው ግን ከ112,000 በላይ ነው። የከተማዋ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ «ንጹሕ ነኝ» የሚል ወረቀት ተጠየቀ፣ የአካባቢው ምርት ገዢ አጣ። አሁን የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት አስቡት። ሪአክተሩ ጋ አንድ ደወል ጮኸ፣ ምናልባት ምንም አልሆነም፣ የቆጠረ ግን የለም። በአንድ ሌሊት በቴሌግራም «የይፋት ሽንኩርት ተመርዟል» ይባላል። በሮቢ ወንዝ አጠጥቶ ሽንኩርቱን ያደረሰውን ገበሬ የሚያድነው የሚኒስትር መግለጫ ነው ወይስ የሚታመን ሰው የለካው፣ ማንም ሊያጣራው የሚችል ቁጥር? ጨረራ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ካልተቆጠረ ወሬ ይቆጥረዋል።

«ሮሳቶም ልምድ ያለው ነው፣ ስሌቱን ይሠራልናል» ባዮች አሉ። ልምዱን አልክድም። ግን ቤት የሠራው ኮንትራክተር ራሱን ተቆጣጥሮ ራሱ የማጠናቀቂያ ወረቀት ሲጽፍ ታምናላችሁ? ጃፓን ከፉኩሺማ በኋላ፣ በ2012፣ ተቆጣጣሪውን ኒውክሌርን ከሚያስፋፋው ሚኒስቴር ለይታ ያቆመችው በከፈለችው ዋጋ ተምራ ነው። እኛ ያለ ዋጋ መማር እንችላለን። ተቆጣጣሪ የለንም ማለቴ አይደለም፤ ከአዋጅ ቁጥር 79/1986 ጀምሮ የጨረራ መከላከያ ተቋም አለን፣ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ኒውክሌርንም ጨምሮበታል፣ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ይህ ተቋም ያደገው ግን ራጅና ኮባልት እየተቆጣጠረ ነው። የኮባልት ጋማ ሌላ፣ የሪአክተር ኒውትሮን ሌላ። በግ የጠበቀ ሁሉ ግመል ይጠብቃል አይባልም፤ ይሠልጥን!

«ገንዘቡስ ከየት ይመጣል» የሚለው ደግሞ ያስቀኛል። የሪአክተር ገንዘብ ያለው አገር የኮምፒዩተር ገንዘብ አጣ? አሜሪካ ሎስ አላሞስ ውስጥ የሚሠራው ታዋቂው ፕሮግራም ኤምሲኤንፒ በፈቃድ የሚሰጥና ለየአገሩ የሚታጠር ነው፤ እውነት። ነገር ግን የሰርን ሰዎች ያሉበት ዤአንት4 በነፃ ይወርዳል፤ ኦፕንኤምሲም እንዲሁ። ሁለቱም ለማንም ክፍት ናቸው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ወይም የአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ በላፕቶፑ የቪንቻን ሪአክተር ሠርቶ፣ ያገኘውን ከ1960ው ልኬት ጋር ማነጻጸር ይችላል። ይህን የሚያደርጉ አሥር ወጣቶች ከሪአክተሩ ዋጋ ጋር ሲተያዩ የቡና ዋጋ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። አንደኛ፣ ውሉ ውስጥ የሪአክተሩ ንድፍና የነዳጁ መረጃ ለኢትዮጵያ አስሊዎች እንዲሰጥ ይጻፍ፤ ባለሥልጣኑና ቢያንስ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተነጣጥለው ያስሉ፣ ውጤታቸው ከሻጩ ጋር ካልገጠመ ነዳጅ አይግባ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ደረቱ ላይ ኢንዲየም፣ ወርቅና ድኝ ያለበት የአደጋ መለኪያ ይንጠልጠል፤ ኢንዲየሟ ማን እንደተመታ በደቂቃዎች ውስጥ ትለያለች። ሦስተኛ፣ ሪአክተሩ ባለበት ከተማ ሆስፒታል ደም የሚቆጥር መሣሪያና በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ልምምድ ያደረገ ሰው ይኑር። አራተኛ፣ የአደጋ ጊዜ ስሌቱ በእንግሊዝኛ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ፤ ይፋት ቆላን በመሰለ ቦታ ከሆነ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ ለነዋሪው ይነገር።

ይህ ሲሟላ ሪባኑን ይቁረጡ፤ እኔም ከፊት ቆሜ አጨበጭባለሁ። እስከዚያ ግን፣ የፊዚክስ ተማሪ የሆንክ ወንድሜ፣ የሆንሽ እህቴ፣ ያንን ነፃ ፕሮግራም ዛሬ ማታ አውርዱት። ጋዜጠኛ የሆናችሁም በሚቀጥለው መግለጫ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልን፦ «የሚቆጥረው ማነው?» መልሱ «እነሱ» ከሆነ፣ ገና ከጎረቤት ገመድ አልወጣንም።

ቸር ይግጠመን።